የሟች ደምሌ የብድር ወረቀቶች ግምት

በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በጋይንት አውራጃ፣ የታች ጋይንት ወረዳ ፖሊስ
የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ አበራሽ ወርቅነህ
ዕድሜ፦ 53
የትውልድ ቦታ፦ ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ አጠገብ
አድራሻ፦ አርብ ገበያ ከተማ
ሥራ፦ የእህል ንግድ
የትምህርት ደረጃ፦ በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ የቻለች
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ጥር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ባዩ

ወደዚህ የተጠራሁት የሟች የአቶ ደምሌ ልጅ አንዳርጌ ባቀረበብኝ አቤቱታ መሆኑ ተነግሮኛል። አቤቱታው፣ «አበራሽ ከእኅቴ ከባንቺዓለም ጋር ተመሳጥራ፣ በመሐላ ሐሰተኛ ግምት ሰጥታ፣ የአባቴን የብድር ወረቀቶች አራክሳ ለእኅቴ እንዲደርሱ አድርጋለች» የሚል ነው። እውነት ሆኖ ከተገኘ እኔ በሐሰት መሐላ እንደምከሰስ፣ ክፍፍሉም ፈርሶ ባንቺዓለም የሰበሰበችውን ሁሉ እንደምትመልስ ሃምሳ አለቃው አስረድተውኛል። ባንቺዓለም የሰበሰበችውን ደግሞ ሦስት ልጆቿ በልተውታል፤ ከየት አምጥታ እንደምትመልስ እኔ አላውቅም። ይህ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል።

ሟቹ አቶ ደምሌ በዚሁ ከተማ ገንዘብና እህል ሲያበድር የኖረ ሰው ነው። ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ የሞተ ሰው አይታማም። ደግ ነበር ብዬም ምስክርነቴን አላበላሽም። የሞተው በ1974 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሲሆን፣ ቀብሩ ላይ ግማሹ ሰው ሲያለቅስ ግማሹ «ወረቀቱ ማን እጅ ገባ?» እያለ ሲጠያየቅ ሰምቻለሁ። የተወው ንብረት ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት፣ ሁለት ላሞችና በሳጥን የተቀመጡ ዘጠኝ የብድር ወረቀቶች ነው። ወራሾቹ ሁለት ናቸው። አንዳርጌ ታላቁ ሲሆን በከተማው ልብስ ሰፊ ነው። ባንቺዓለም እስቴ አግብታ ስትኖር ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ይዛ የተመለሰች፣ በሰው ጓዳ ተከራይታ ያለች ናት።

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ነገራቸውን ሲያይ አንድ ሰው ከሕዝቡ መሐል ተነሥቶ፣ የአበዳሪ ወረቀት የብዝበዛ ዕቃ ስለሆነ ተሰብስቦ ይቃጠል አለ። ጭብጨባም ነበር። ባንቺዓለም ተነሥታ፣ «አቃጥሉት፤ አመዱን ግን ለልጆቼ የምታበሉልኝ እናንተ ናችሁ» ስትል ጭብጨባው ቆመ። ከዚያ በኋላ ሸንጎው፣ ቤቱና ላሞቹ በአንድ ወገን፣ ወረቀቶቹ በሌላ ወገን ሆነው በሽማግሌ ተገምተው ለሁለቱ ይካፈሉ ብሎ ወሰነ።

በእኛ አገር ደንብ ሁለቱ ወገን አንድ አንድ ገማች ይመርጣሉ፤ ሦስተኛውን አብረው ይመርጣሉ። አንዳርጌ ወዳጁን የቆዳ ነጋዴውን አድማሱን መረጠ። ባንቺዓለም የድጓ መምህር የሆኑትን የቤተ ልሔሙን መሪጌታ ቀለመ ወርቅን መረጠች። ሦስተኛዋ እኔ ሆንኩ። ለምን አንቺን መረጡሽ ተብዬ ስጠየቅ፣ እህል በመገመት ስለምታወቅ ነው ብዬ መልሻለሁ። ገበያ ላይ ሻጭ ጥሩ ጥሩውን ከላይ አድርጎ ጆንያውን ሲከፍት፣ እኔ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ የታችኛውን ሳላወጣ አልገዛም። በዚህም ብዙ ሰው አስቀይሜአለሁ።

ቤቱንና ላሞቹን መገመት አላስቸገረንም፤ ስምንት መቶ ብር አልን፣ ተስማማን። ወረቀቶቹ ላይ ግን ተፋጠጥን። የተጻፈባቸው ሲደመር አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ብር ነው። አድማሱ፣ «ምን ይገመታል? የተጻፈውን ማንበብ ነው» አለ። መሪጌታ በበኩላቸው፣ «የሰው ቃል እንደ ጤዛ ነው፤ ግማሹን እንጣል» አሉ። እኔ ግን ነገሩ እንግዳ ሆነብኝ። ገብስ ገምቼ አውቃለሁ፤ በግ ገምቼ አውቃለሁ። የሰው «እሰጣለሁ» ማለት ገበያ ቢወጣ ስንት ያወጣል? እንዲህ ያለ ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሃምሳ አለቃው ስለ እንቅልፌ ትቼ ወደ ፍሬ ነገሩ እንድመለስ አሳስበውኛል። እኔም ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፣ ነገር ዞሮ ካልታየ አይታይም ብያለሁ።

ስለዚህ ለሁለቱ ሽማግሌዎች ተበዳሪዎቹን በየቤታቸው ሄደን እንያቸው አልኳቸው። አድማሱ፣ «እኛ ገማች ነን ወይስ አማች? በየሰው ደጅ ምን አዞረን!» ብሎ ቀለደ፤ ሆኖም ተከትሎን መጣ። ስንሄድ ማንንም ክፈል አላልንም። እኔ በሬው ጎኑ ገብቷል ወይ፣ ከደጁ የኩበት ክምር አለ ወይ፣ ጎተራው ተለስኗል ወይ እያልኩ አያለሁ። ኩበት የሌለው ሰው ከብት የለውም፤ ጎተራውን ያልለሰነ ሰው እህል አይጠብቅም። መሪጌታ ደግሞ ዋስ የሆነው ሰው በሕይወት መኖሩን ይጠይቃሉ። አድማሱ ከሴቶቹ ጋር እየተሳሳቀ ባልየው ለሌላ ሰው መክፈል አለመክፈሉን ያጣራል። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነው፤ ተቀናቃኜ ቢሆንም አልክድም።

ለምሳሌ ሀይሌ የሚባል ገበሬ ወረቀቱ ላይ ሦስት መቶ ብር አለበት። ቤቱ ስንደርስ ጥንድ በሬ አለው፣ ጎተራው ሙሉ ነው። ግን የደምሌን ስም ስናነሣ ፊቱ ጠቆረ፤ «ወረቀቱን ከነሳጥኑ አብራችሁት በቀበራችሁት!» አለ። ያለው ሰው ነው፣ የመስጠት ፍላጎት ግን የለውም። ሦስቱን መቶ አንድ መቶ ብለን ገመትን። ተዋበች የምትባል የሙት ሚስት ደግሞ መቶ ሃምሳ ብር ባሏ ተበድሮባት ሞቷል። ሴትዮዋ ቅን ናት፤ ያላት ግን አንዲት ፍየልና አንድ ማሳ ባቄላ ነው። ሃያ ብር አልን። እንዲህ እያልን ስምንቱን ወረቀት ዞርናቸው፤ ወደ ዘጠነኛው ኋላ እመጣለሁ።

ከዚያ በኋላ በከተማው ከዋርካው ሥር ሸንጎውና ሕዝቡ ባለበት ተቀመጥን። በደንቡ ገማቹ በማርያም ስም ይምላል፤ ከማለ በኋላም፣ «ባልከው ዋጋ ለራስህ ትገዛዋለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። አልገዛም ካለ ግምቱ ይወድቃል። አድማሱ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ አሁንም የተጻፈውን ያህል ነው ብሎ ጀምሮ ነበር። ትገዛዋለህ ወይ ሲባል ወደ ላይ ወደ ዋርካው ቅጠል አየ፤ ሕዝቡ ሳቀበት፤ ከዚያ ወዲያ ከእኛ ጋር ተስማምቶ ሄደ። እኔም በስምንቱ ሁሉ እገዛለሁ ብዬ ምያለሁ። ያን ዕለት እንሽጥልሽ ቢሉኝ እገዛቸው ነበር፤ የሚቆጨኝ ሳይሉኝ መቅረታቸው ነው።

ዘጠነኛው ወረቀት የራሱ የአንዳርጌ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት የስፌት መኪና ሲገዛ አባቱ ሁለት መቶ አርባ ብር አበድሮት፣ እንደ ባዕድ ሰው ሁለት ምስክር አስቀምጦ አስፈርሞታል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም ነበር። መሪጌታ ሲያነቡት አንዳርጌ ከሕዝቡ መሐል ተነሥቶ፣ «አባት ለልጁ ይሰጣል እንጂ ያበድራል እንዴ?» አለ። መሪጌታም፣ «ልጄ፣ ወረቀቱ ያበድራል ይላል፤ ፊርማውም ያንተ ነው» አሉት። ከዚያ ይህ ወረቀት ስንት ያወጣል የሚለው ጥያቄ መጣ። መጀመሪያ የተጠየቀው አድማሱ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። በኋላም፣ «አንዳርጌ ወዳጄ ነው። ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበር። ግን ምያለሁ... በአንድ ብርም አልገዛውም» አለ። መሪጌታም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ተጠይቄ፣ አልገዛውም፣ ባዶ ነው ብያለሁ። የተናገርኩት በቁጣ ወይም በቂም አይደለም። አንዳርጌ እጁ ወርቅ ነው፤ ግን የክር ዕዳ ያለበት፣ የቁልፍ ዕዳ ያለበት፣ ለእኔም የጤፍ ዕዳ ያለበት ሰው ነው፤ ሁሉንም «ለሰኞ» ይላል። ያን ጊዜ ሕዝቡ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለው ነበር። አንዳርጌ ቁጭ አለ፤ እስኪያልቅ ድረስም ቀና አላለም።

የወረቀቶቹ ግምት ሲደመር ሰባት መቶ ሰማንያ ብር ሆነ። ከቤቱና ከላሞቹ ያለው ልዩነት፣ ቤቱን የሚወስደው ለሌላው በሚጨምራት አንዲት ጠቦት ተስተካከለ። ታላቅ ስለሆነ ቀድሞ የመምረጥ መብት ለአንዳርጌ ተሰጠው። እሱም፣ «ላም አለኝ በሰማይ አልልም፤ ደጄ ላይ ያለችው ትበቃኛለች» ብሎ ቤቱንና ላሞቹን መረጠ። ማንም አላስገደደውም፤ ሁለት ጊዜም ተጠይቋል። ወረቀቶቹ የእሱም ጭምር ለባንቺዓለም ደረሱ። መሪጌታ ሳጥኑን ሲሰጧት፣ «ይህን ወረቀት እሳት ለመለኮሻ ካልሆነ ምን ላደርገው ነው?» ብላ አለቀሰች። ታዲያ ተመሳጥሮ ባገኘው ነገር የሚያለቅስ ሰው አለ ወይ ብዬ ሃምሳ አለቃውን ጠይቄአለሁ። ጠያቂው እሳቸው መሆናቸው ተነግሮኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጠየቅ፣ ሁለት ነገር ሆኗል። አንደኛው፣ በገበያው አንዳርጌን «ባዶው» ይሉት ጀመር። እኔ ይህን ስም አላወጣሁም፣ በአፌም ጠርቼው አላውቅም። ነገሩ በስም ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ሰው ለልብስ የሚሰጠውን ቀብድ ከለከለው። ቀብድ ከሌለ ጨርቅ አይገዛም፣ ጨርቅ ከሌለ አይሰፋም። ስለዚህ የክሩን ዕዳ ይከፍል የነበረውን ያህል እንኳ መክፈል ተሳነው። ይህን ሳይ ደነገጥኩ። እኔ ገብስን ርካሽ ነው ብዬ ስገምት ገብሱ ሰምቶ አይነቅዝም። ሰው ግን ሰማ፣ ነቀዘም። ስለዚህ ነገር አዝኛለሁ፤ ማዘኔም ይጻፍ።

ሁለተኛው፣ እህል ተወቅቶ ካበቃ በኋላ ባንቺዓለም ከስምንቱ ተበዳሪዎች በገንዘብና በእህል ወደ ዘጠኝ መቶ ሰባ ብር የሚያወጣ መሰብሰቧ ተሰማ። ይኸው ነው አንዳርጌን ወደ ክስ ያመጣው። እኔም እንደ እሱ ተደንቄ ነበር፤ ግን ወደ ፖሊስ ሳይሆን ወደ እሷ ሄጄ፣ እባክሽ ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው? ምን አስነካሻቸው? አልኳት። እሷም፣ «እትዬ አበራሽ፣ ምን አስነካለሁ? የተጻፈውን አልጠየቅሁም። አባቴ እጃችሁ ላይ ያስቀመጠው ስንት ነው? እሱን ስጡኝ አልኳቸው» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሟቹ መቶ ሰጥቶ መቶ ሃምሳ ያስጽፍ ነበር። ሀይሌ በእጁ የገባው ሁለት መቶ ነው፤ ሦስት መቶ አምጣ ሲባል ጦር ያነሣል፣ ሁለት መቶ ሲባል ግን በላሁ ለማለት አፈረ። ከፈለ። ተዋበች መቶዋን በባቄላ ከፈለች፤ ባቄላው ከየት መጣ ብዬ ባንቺዓለምን ስጠይቃት፣ ወንድሞቿ ናቸው ያወጡላት አለችኝ። «የሙት ዕዳ በአጥንቱ ላይ አይቀመጥ» ብለው ነው። እኔ ደጇን አይቼ ፍየሏን ቆጠርኩ፤ ወንድሞቿን አልቆጠርኩም።

ስለዚህ ግምትሽ ሐሰት ነበር ወይ ተብዬ በቀጥታ ተጠየቅሁ። አልነበረም ብዬ መልሻለሁ። ያን ዕለት ያየሁትን ነው የማልኩት። በነሐሴ የቆመ አዝመራ ገምቼ በጥቅምት በረዶ ቢመታው እታሰራለሁ ወይ? እንዲሁም ዝናሙ አምሮለት ቢበዛ አልታሰርም። ያንኑ ወረቀት አንዳርጌ ይዞት ቢሄድ ኖሮ የተጻፈውን ይጠይቅ ነበር፤ የሀይሌም ውሻ ይለቀቅበት ነበር። ወረቀቱ አንድ ነው፣ የያዘው እጅ ግን አንድ አይደለም። ይህን እኔም ያወቅሁት ከሆነ በኋላ ነው። ከባንቺዓለም ምን ተቀብለሻል ተብዬ ስጠየቅ፣ ምንም አልተቀበልኩም፤ እንዲያውም ባቄላዋን ስገዛት በዋጋ ተጨቃጭቀን ተኳርፈን ከርመናል ብያለሁ።

ስለ ዘጠነኛው ወረቀት ለብቻው ተጠየቅሁ። አንዳርጌ በአቤቱታው ላይ ከሁሉ አብልጦ የጻፈው ስለሱ መሆኑ ተነቦልኛል። እኔም በዚህ ጊዜ ተናድጄ፣ ድምፄንም ከፍ አድርጌ፣ ግምቴ ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት ጠበቃም ምስክርም አያስፈልገው፤ ይክፈል! ከከፈለ እኔ ዋሾ ነኝ፣ እሰሩኝ! ብያለሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር። አንዳርጌ ከውጭ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ እንደነበር የተነገረኝ በኋላ ነው። ሃምሳ አለቃው ለምሳ ስለወጡ ቃሌን ከሰዓት እንድቀጥል ታዘዝኩ።

ከሰዓት ስመለስ አንዳርጌ ላብ በላብ ሆኖ እዚሁ ክፍል ቆሞ አገኘሁት። ባንቺዓለምም ተጠርታ መጥታለች። ዕለቱ ገበያ ስለሆነ አንዷን ላም ሸጦ ነው የመጣው። ሁለት መቶ አርባ ብሩን በሃምሳ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ቆጥሮ አስቀመጠና፣ «ተቀበይኝ፤ ወረቀቴን ስጪኝ» አላት። ወደ ሃምሳ አለቃውም ዞሮ፣ «እሷ ራሷ ከከፈለ ዋሾ ነኝ ብላለች፤ ከፍያለሁ፣ ይጻፍልኝ» አለ። ሃምሳ አለቃውም ለእኔ፣ የምሰጠው መልስ በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቁኝ። እኔም ይጻፍ ብያለሁ። በአንዳርጌ ወረቀት ላይ ባዶ ብዬ ምያለሁ፤ ወረቀቱ ባዶ አልነበረም። ስለ አዝመራና ስለ በረዶ የተናገርኩት እዚህ ላይ አያድነኝም፤ ሰውየው ያን ዕለትም ከውርሱ በሚደርሰው መክፈል የሚችል ሰው ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ቅጣት ካለው እቀበላለሁ።

ባንቺዓለም ገንዘቡን አንሥታ ቆጠረችው። ከላዩ አርባ ብር ለይታ ወደ ወንድሟ ገፋችለት። «አባባ እጅህ ላይ ያስቀመጠው ሁለት መቶ ነው፤ እማማ ስትነግረኝ ሰምቻለሁ። ከሰው ሁሉ ያልወሰድኩትን ካንተ አልወስድም» አለችው። አንዳርጌ አርባ ብሩን በእጁ ጨበጠ። እንባውን ሲውጥ አይቻለሁ፤ እኔም አልቻልኩም፣ አልቅሻለሁ። ሃምሳ አለቃው ክሱን ትተዋለህ ወይ ብለው ጠየቁት፤ እሱ ወረቀቱን ለመቀበል እጁን ወደ እኅቱ ዘረጋ። ስለ ክሱ እሱ ራሱ ቃሉን ይስጥ፤ እኔ የእሱን ቃል አልሰጥም።

አንዳርጌ ወረቀቱን ተቀብሎ ከክፍሉ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሰላምታም ሳይሰጠኝ ዓይኔን አይቶ፣ «እትዬ አበራሽ፣ አሁንስ ስንት ነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በዕድሜ እናቱ እሆናለሁ፤ ለልጅ መነሣትም የእኛ አገር ደንብ አይደለም። ቁጥር አልጠራሁለትም። ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ኖር! አልኩት።

ያልኩት ሁሉ ተነቦልኝ፣ ሰምቼው፣ ሁለት ቦታ አሳርሜአለሁ። ያየሁትን ያየሁት፣ የሰማሁትን የሰማሁት፣ የተሳሳትኩትንም የተሳሳትኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አልመከረኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። እውነት ለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ አበራሽ ወርቅነህ
ቃሉን ተቀብሎ የጻፈው፦ ሃምሳ አለቃ ባዩ (ፊርማ)
ሲነበብ የነበረች እማኝ፦ ባንቺዓለም ደምሌ (ፊርማ)
ሲነበብ የነበረ እማኝ፦ አንዳርጌ ደምሌ (ፊርማ)